«ታዲያ ምን ላድርግ?»፦ ጎንደር ላይ የሥነ ልቦና ሕክምና ለሚጀምር ሰው

ጎንደር ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በአቋራጭ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ጨጓራውን ታይቷል። ታይፎይድ ነው፣ ታይፈስ ነው ተብሎ ኪኒን ጨርሷል። ልቡ ሲደልቅበት የልብ ምርመራ አድርጓል፤ ራሱን ሲያቃጥለው ዳማከሴ ሞክሯል፤ ጸበል ሰንብቷል። በዚህ መሃል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይሄዳሉ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ምርመራህ ሁሉ ደህና ነው፤ ሥነ ልቦና ክፍል ይዩህ» ብሎ ወረቀት ጽፎ ይልከዋል። ሰውየው ገብቶ ይቀመጣል፤ የሆነውን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ጠቅልሎ ይናገርና «ታዲያ ምን ላድርግ?» ይላል።

የዚያን ቀን መልስ አያገኝም። ብዙ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሳይመለስ የሚቀረው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና 669 ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እንዳሳየው፣ ሳይኮቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ከሚጀምሩ አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ሳይጨርስ ያቋርጣል። ይህ የዓለም ቁጥር ነው፤ ጎንደር ላይ የመንገዱ፣ የወረፋውና የገንዘቡ ጣጣ ይጨመርበታል። ያም ሆኖ በእኛ እምነት ከመንገዱም ከገንዘቡም በላይ ሰውን የሚያስቀረው፣ ታካሚው ሊቀበል የመጣውና ባለሙያው ሊሰጥ የተቀመጠው ነገር አለመገናኘቱ ነው። አንዱ ምክር ሊሰማ መጥቷል፤ ሌላው ሥራ ሊያስጀምር ተቀምጧል።

ምክር ሞልቷል

ለጎንደር ሰው ምክር ብርቁ አይደለም። የነፍስ አባት አለው፤ ሽማግሌ አለው፤ የእድርና የማኅበር ወዳጅ አለው። ጠዋት ቡና ላይ አቦሉ ሳያልቅ ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል። ድባቴ የያዘው ሰው «ተነሥ፣ ውጣ፣ ከሰው ተቀላቀል፣ ብዙ አታስብ» የሚለውን መቶ ጊዜ ተነግሮታል፤ እውነት መሆኑንም አይጠራጠርም፤ ማድረጉ ነው ያቃተው። የሥነ ልቦና ሕክምና የሚነሣው ከዚህ ነው፦ የሚያውቀውን እንዳያደርግ የያዘው ምንድን ነው? መያዣው መቼ ይጠብቃል፣ መቼስ ይላላል? ይህን ለማወቅ መጠየቅና ማዳመጥ ያስፈልጋል። ታካሚውን በቅጡ ሳይሰማ በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ምክር የሚያዘንብ ባለሙያ ከጎረቤት የተሻለ ነገር አልሰጠም።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይገናኛሉ። ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያየው ሕክምና ለድባቴና ለጭንቀት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይወስዳል፤ ቀለል ላለ ችግር ከዚያ ያንሳል። ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ላይ የሚሠራው ሌላው ዘዴ ደግሞ ከ12 እስከ 16 ጊዜ ነው፤ እሱ በአራት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል፦ ሐዘን፣ ጠብ፣ የኑሮ ለውጥ (ትዳር፣ ጡረታ፣ መፈናቀል) እና ብቸኝነት። የትኛው እንደሚሻል ታካሚው አስቀድሞ መምረጥ የለበትም። የትኛው እየተሠራለት እንደሆነ መጠየቅ ግን መብቱ ነው፤ መልሱም በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊነገረው ይገባል።

ማን ምንድን ነው?

«ሳይኮሎጂስት» እና «ሳይካትሪስት» በወሬ ላይ አንድ ሆነው ቀርተዋል። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ ሥራው በንግግርና በልምምድ ማከም ነው። በመካከል ደግሞ ብዙውን ሕዝብ በተግባር የሚያየው የሳይካትሪ ነርስ አለ። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ «አማካሪ» ተብሎ የሚሠራም አለ፤ ለጥናት፣ ለትዳር፣ ለሥራ ጭንቀት ሊረዳ ይችላል፤ ለከባድ ሕመም ግን ሥልጠናው አይበቃም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትምህርትዎ ምንድን ነው? የሙያ ፈቃድ አለዎት?» ቢሆን ማንንም አያስቀይምም። የሚቀየም ካለ ያው መልስ ነው።

ከተማው በዚህ ረገድ ከብዙ የክልል ከተሞች ይሻላል። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉም የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ባለሙያም ያሠለጥናል። ይህ ጥቅምም ጣጣም አለው። የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ተለማማጅ ተማሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ታካሚው «ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ» ማለት ይችላል፤ እንዲህ በማለቱ ሕክምናው አይቀርበትም። አብዛኛው ሰው ግን በይሉኝታ ዝም ይላል፤ ከዚያ ዋናውን ነገር ሳይናገር ይወጣል።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ደግሞ አጠር ያለ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ ዓላማ ይዞ የተነሣ ነው፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ይኸው ድርጅት ያዘጋጀው አምስት ቀጠሮ ብቻ ያለው፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ሕክምናም አለ፤ ቀስ ብሎ መተንፈስን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ የተዉትን ሥራ መልሶ መጀመርንና ረዳት ሰው ማጠናከርን ያስተምራል። የሚሰጠው ሰው የግድ ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። ይህ ማቃለል የሚመስለው ሰው ካለ የዚምባብዌን ዋና ከተማ ሐራሬን ይመልከት፦ እዚያ የሠለጠኑ አሮጊቶች በክሊኒክ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስድስት ጊዜ በሚሰጡት እርዳታ የሰው ድባቴ በግልጽ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ቡና ላይ ከሚሰጠው ምክር የሚለየው አሮጊቶቹ ደረጃ በደረጃ የሚሄዱበት የተጻፈ አሠራርና የሚቆጣጠራቸው ባለሙያ ስላላቸው ነው።

ከመሄድ በፊት

አካል ይታይ። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲዛባ ድባቴም ጭንቀትም መስሎ ይመጣል፤ እንቅርት ደግሞ ለደጋው ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ደም ማነስ ድካምና የልብ መደለቅ ያመጣል። እነዚህ በደም ምርመራ ይለያሉ። ከጠቅላላ ሐኪም የተጻፈው ወረቀት፣ እየተወሰደ ያለው መድኃኒት ሁሉ (ከነካርቶኑ)፣ ሕመሙ የጀመረበት ወርና ያኔ የነበረው ነገር ማስታወሻ አብረው ይያዙ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ቢሄድ መድኑ ላይሠራለት ይችላል፤ ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ያስመልሳል። ካርድ ክፍል ወረፋ ስላለ ቀጠሮው አራት ሰዓት ከሆነ አራት ሰዓት መድረስ ማለት ግማሹን ጊዜ ማጣት ነው።

የዕለቱ ቡናም ይታሰብበት። ጭንቀት ያለበት ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ቢመጣ የልቡ መደለቅ ግማሹ የቡናው ሊሆን ይችላል። ጫትም እንዲሁ። ፍርሃቱን ለመግደል አረቄ ቀምሶ ወይም ከፋርማሲ ዲያዜፓም (የማረጋጊያ ኪኒን) ገዝቶ ውጦ የሚመጣ ደግሞ የሚናገረውንም የሚሰማውንም አይይዝም።

ሰው ራሱን ለማጥፋት ከቆረጠ፣ ወይም ለቀናት እንቅልፍ ሳይተኛ ብዙ የሚያወራና የሚያባክን፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። እስከዚያው ቤተሰቡ የሚሠራው አንድ ትልቅ ሥራ አለ፦ ፀረ ተባይ መርዙንና መሣሪያውን ከቤት ማውጣት። ክፉው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ ሰዓት እጅ አጠገብ ያለው ነገር ሕይወትን ይወስናል።

የመጀመሪያው ቀን

ገና ሰላምታው ላይ ጊዜ ይባክናል። «እንዴት ነዎት?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ይህ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም፤ ጎበዝ ባለሙያ ያውቀዋልና ቆይቶ «ሌሊቱስ እንዴት ነው የሚያልፈው?» ብሎ በሌላ በር ይገባል። ቀጥሎ ጥያቄው ይበዛል፦ መቼ ጀመረ፣ በቀን ውስጥ መቼ ይብሳል፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሥራ፣ መጠጥ፣ ከዚህ በፊት የተደረገ ሕክምና፣ በዘመድ ውስጥ እንዲህ የታመመ መኖሩ። ፖሊስ የሚመረምር ይመስላል። ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ግን ይቀንሳል።

ጎንደር ላይ ሰው ብቻውን አይታመምም፤ ወንድም ወይም እናት አብረው ይመጣሉ። ባለሙያው እነሱንም ይሰማል፤ ከዚያ ግን ታካሚውን ለብቻው ያነጋግራል። እናቱ ደጅ ላይ ሲቀመጡ ሊቀየሙ ይችላሉ። ቢሆንም ይህ መቅረት የሌለበት ነገር ነው፤ ባሏ ፊት የተጠየቀች ሴት ስለ ባሏ እውነቱን አትናገርም። ሴት ታካሚ ሴት ባለሙያ መጠየቅ ትችላለች፤ መኖሩ ግን በሠራተኛው ቁጥር ይወሰናል።

ስለ ሞት መጠየቁ አይቀርም። «መኖር ይሰለችሃል? ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይባላል። ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ጥያቄው ሐሳቡን የሚያመጣው ይመስለዋል። ጥናቶች የሚያሳዩት መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ነው፤ ብዙ ታካሚ እንዲያውም አንድ ሰው በመጠየቁ ይተነፍሳል።

ከዚያ አንድ ወረቀት ይሰጣል ወይም ይነበባል። ለድባቴ የተለመደው መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ አማርኛው ቅጂ አዲስ አበባ ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ መልሶቹም ከ0 (ፈጽሞ) እስከ 3 (በየቀኑ ማለት ይቻላል) ናቸው። ድምሩ ከ27 ይታሰባል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል፤ 20 ከደረሰ ከባድ ነው። ወረቀቱ ራሱ ግን ፍርድ አይደለም። ዐቢይ ጾም መሃል ለተጠየቀ ሰው «የምግብ ፍላጎት» የሚለው ጥያቄ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ሌሊት ለማኅሌት የሚነሣ ደብተራ የእንቅልፍ ጥያቄውን ሲመልስ ነጥቡ ያለ ሕመም ይጨምራል። አርባው ያልወጣ ሐዘንተኛም እንዲሁ። ታካሚው እነዚህን ጠቅሶ ቢመልስ ባለሙያውን ይረዳዋል።

በዚያ ቀን ማብቂያ ላይ ታካሚው ሦስት ነገር ይዞ ቢወጣ ጥሩ ጅምር ነው፦ ባለሙያው ችግሩን በጊዜያዊነት ምን ብሎ እንደተረዳው፣ በግምት ስንት ጊዜ እንደሚገናኙ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ። ከዚህ በላይ መጠበቅ ከመጀመሪያው ቀን ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

ገበና በትንሽ ከተማ

አዲስ አበባ ላይ ሰው ባለሙያውን ከክፍሉ ውጭ አያገኘው ይሆናል። ጎንደር ላይ ግን ፒያሳ ቡና ሲጠጣ፣ ማራኪ ታክሲ ሲጠብቅ፣ ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ ያገኘዋል። ያኔ ምን ይሁን? ባለሙያው ቢጨብጠው አጠገቡ ያለው አብሮ አደግ «ከየት ታውቀዋለህ?» ይላል፤ ሰላም ሳይለው ቢያልፍ ደግሞ ሰላምታ መንፈግ ነው፤ ታካሚው ንቀት አድርጎ ይወስደዋል። መፍትሔው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን መስማማት ነው፦ «ውጭ ብንገናኝ እርስዎ ካልጀመሩ እኔ አልጀምርም።» ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ባለሙያው ካላነሣው ታካሚው ያንሣው።

ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው። ታካሚው ራሱን ወይም ሌላ ሰውን ለመግደል ከተቃረበ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ዝምታው ይሰበራል። ይህ ከመጀመሪያው መነገር አለበት፤ ቆይቶ የተሰማ ወሰን እንደ ክዳት ይቆጠራል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ምን እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ካርድ በብዙ እጅ ያልፋል። ጥሩ ባለሙያ የሕመሙን ስምና ዕቅዱን ይጽፋል እንጂ የአማቱን ስም አይጽፍም። ዝምድና፣ አበልጅነት ወይም የአንድ እድር አባልነት ካለ ሌላ ባለሙያ መፈለግ ይሻላል። ባለሙያ ከታካሚው ገንዘብ አይበደርም፣ ሠርጉ ላይ ሚዜ አይሆንም፣ ትልቅ ስጦታ አይቀበልም፤ የፍቅር ግንኙነት የሚያነሣ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን መሄድ ማቆምና ማሳወቅ ነው።

ሥራው ሲጀመር

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀጠሮ ድረስ ባለሙያውና ታካሚው አንድ ካርታ ይሠራሉ። እንበል፣ አራዳ ገበያ ሱቅ ያላት ሴት ሰው ሲበዛ ልቧ ይደልቃል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ «አሁን ወድቄ እሞታለሁ» ትላለች፤ ሱቁን ዘግታ ቤቷ ትሄዳለች። ካርታው አምስት ነገር ይለያል፦ የተፈጠረው (ሰው በዛ)፣ በልብ የታሰበው (ልሞት ነው)፣ ስሜቱ (ፍርሃት)፣ አካሉ (መደለቅ፣ መደንዘዝ)፣ የተደረገው (መዝጋትና መሄድ)። ቤቷ ስትደርስ ይለቃታል። መልቀቁ ግን «ባልሄድ እሞት ነበር» የሚለውን ያጸናዋል፤ ነገ ቀደም ብላ ትዘጋለች። ችግሩ የሚኖረው በዚህ ክብ ውስጥ ነው።

መውጫው መሰላል ነው። የምትፈራቸው ነገሮች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ሱቋ ደጃፍ በጠዋት መቆም 3፣ የቅዳሜ ገበያ 7፣ ባጃጅ ውስጥ መሃል መቀመጥ 9። ከ3 ወይም ከ4 ይጀመራል፤ በሳምንት አራትና አምስት ጊዜ ይደገማል። አብዛኛው የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ከላይ መጀመር ነው፤ «ወንድ ልጅ አይደለሁ?» ብሎ 9 ላይ የወጣ ሰው ወርዶ አይመለስም። ሁለተኛው ፍርሃቱ ጫፍ ሲደርስ መሸሽ ነው፤ ልምምዱ የሚያስተምረው እዚያው ቆይቶ «የፈራሁት አልደረሰም» ማለት ሲቻል ነው፤ ይህም ከ20 ደቂቃ እስከ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሦስተኛው ስውር ነው፦ እህቷን አስከትላ፣ የውኃ ጠርሙስ ጨብጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ ስለዚህ የዳነችው በእህቷና በጠርሙሱ ይመስላታል። እነዚህ አንድ በአንድ ይተዋሉ።

ለድባቴ መንገዱ ሌላ ነው። ሰው «ደስ ሲለኝ እሠራለሁ» ብሎ ይጠብቃል፤ ሕክምናው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፦ መጀመሪያ ትንሽ ይሠራል፣ ስሜቱ በኋላ ይከተላል። ትንሽ ማለት በእውነት ትንሽ ነው፦ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ለ10 ደቂቃ መውጣት። «ከነገ ጀምሮ እለወጣለሁ» የሚል ዕቅድ በሐሙስ ይሞታል። ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል፤ ከሠራ በኋላ ስሜቱን ከ10 ይመዝናል።

የቤት ሥራው አንድ የማይነገር እንቅፋት አለበት፦ ደብተር። በአንድ ክፍል አምስት ሰው በሚያድርበት ቤት የልብን ሐሳብ የጻፈ ደብተር ተደብቆ አይቆይም። ምልክት ብቻ መጻፍ፣ በቁጥር መመዝገብ ወይም ስልክ ላይ በቁልፍ መያዝ ይቻላል። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ባቄላ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ያ ሐሳብ በመጣ ቁጥር አንድ ፍሬ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ይዛወራል፣ ማታ ይቆጠራል። ከ18 ወደ 7 የወረደ ባቄላ ከወረቀት መጠይቅ ያላነሰ ማስረጃ ነው።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አካባቢ «ብሶብኛል» የሚል ብዙ ነው። ለዓመታት የተሸሸ ነገር ሲነካ ይቆጠቁጣል፤ ሕልም ይበዛል፣ እንባ ይቀርባል። በሁለትና በሦስት ሳምንት የሚረግብ ከሆነ የሚጠበቅ ነው። እየከፋ ከሄደ፣ ወይም የሞት ሐሳብ ከመጣ፣ መታገሥ አያስፈልግም፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መናገር ነው። ከጥቂት ታካሚዎች ጋር ሕክምናው ራሱ አይስማማም፤ ይህ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ጦርነቱ ያመጣው

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ያለፈ ሰው በብዛት ይመጣል፤ ዘመዱ የታገተበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ የተደፈረች ሴት። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት በጎ ሐሳብ ያለው ነው፦ «ተናገርና ይውጣልህ» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ማስዘርገፍ። የዓለም ጤና ድርጅት አደጋው እንደደረሰ ሰውን ሰብስቦ የደረሰበትን አንድ ጊዜ በዝርዝር ማስተረክን አይመክርም፤ አይጠቅምም፣ ሊጎዳም ይችላል። መጀመሪያ እንቅልፍ፣ መጠለያ፣ ደኅንነትና ሰውነትን የማርገብ ዘዴ ይቀድማሉ። ትረካው በኋላ ይመጣል።

ለጦርነትና ለስደት ተጎጂዎች ተብሎ ከተሠሩት ሕክምናዎች አንዱ በገመድ ይጀምራል። ታካሚው ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ከልደቱ እስከ ዛሬ ያለው ዕድሜው ነው። መልካም ለነበረው ቀን አበባ፣ ለክፉው ድንጋይ ያስቀምጣል። ከዚያ በየቀጠሮው፣ 90 ደቂቃ ያህል፣ አንዱን ድንጋይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝርዝር ይተርካል፤ ባለሙያው ይጽፈዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ያነብለታል። ከ4 እስከ 12 ቀጠሮ ይወስዳል። ዓላማው መርሳት አይደለም። ያ ትዝታ ቀንና ቦታ እንዲኖረው፣ «አሁን እየሆነ ነው» ከሚል ስሜት ወጥቶ «ያኔ ሆነ» ወደሚባል እንዲገባ ነው። ታሪክን በጎንደር ዘመን እየከፈለ መተረክ ለለመደ ሕዝብ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም ብለን እንገምታለን።

ሰም፣ ወርቅና «እሺ»

ነገሩን በቀጥታ አለመናገር ለእኛ ጨዋነት ነው፤ የጎንደር የቅኔ ቤት ደግሞ ይህን ጥበብ አድርጎታል። ሕክምናው ክፍል ውስጥ ግን ሰሙ ብቻ ሲነገር ወርቁ ይቀራል። «ወገቤን ያመኛል» ያለች ሴት ስለ ባሏ እየተናገረች ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ካልገባው ወገቧን ይመረምራል። ታካሚው ይህን ሁሉ መተው የለበትም፤ በምሳሌ መጀመር ይችላል፤ ሆኖም በአንድ ቀጠሮ አንድ ነገር በቀጥታ ለመናገር ራሱን ቢያስገድድ መንገዱ ያጥራል።

ከዚህ የባሰው «እሺ» ነው። ባለሙያው የቤት ሥራ ይሰጣል፤ ታካሚው እንደማይሠራው ያውቃል፤ «እሺ» ብሎ ይወጣል፤ ባለመሥራቱ ያፍራል፤ ባፈረ ጊዜ ቀጠሮውን ይተዋል። ባለሙያው ደግሞ ዳነ ብሎ ያስባል። ታላቅን አለመቃወም ከሕፃንነት የተማርነው ነው፤ ባለሙያው በዕድሜ ቢያንስ እንኳ ነጩ ጋውን ታላቅ ያደርገዋል። ግን በሕክምናው ውስጥ «ይህ አይሆንልኝም» ማለት እንደ አንድ የምርመራ ውጤት ነው፤ ዕቅዱ ይስተካከልበታል። ጥናቶች ደጋግመው እንደሚያሳዩት፣ ታካሚውና ባለሙያው በግቡና በሥራው ተስማምተው መተማመናቸው ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው።

ጸበሉና ኪኒኑ

«ጸበል ልጠመቅ ወይስ ሕክምናው ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው መነሣት የሌለበት ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ ለምእመናን ተናግረው ነበር፤ ያ አቋም ለአእምሮ ሕክምናም መንገድ ያሳያል። አደጋው የሚመጣው ጸበል ቦታ ላይ መድኃኒቱን በድንገት ሲያቆሙ ነው። የድባቴ መድኃኒት ሥራው የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከተሻለው በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል። በአንድ ቀን ሲቆም ማዞር፣ ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ ያም «ሰይጣኑ ሲለቅ» ተብሎ ይተረጎማል። ጸበል የሚሄድ ሰው ለባለሙያው አስቀድሞ ቢናገር የመድኃኒቱ ሰዓት ከጾሙ ጋር ሊስማማ ይችላል። መካከለኛና ከባድ ድባቴ ላይ መድኃኒትና ንግግር አብረው ሲሄዱ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ።

መንገድ ሲዘጋ

ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከደምቢያ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ መምጣት ላይችል ይችላል፤ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል። ያኔ በየ15 ቀኑ በአካል፣ በመካከሉ 20 ደቂቃ በስልክ ማድረግ ይሻላል፤ ተራ የስልክ ጥሪም ይሠራል። በኢንተርኔት ብቻ የተመሠረተ ሕክምና እዚህ አስተማማኝ አይደለም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አይረሳም። ከውጭ አገር በቪዲዮ የሚያክም ሲገኝ አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ችግር ቢደርስብኝ ጎንደር ውስጥ የሚደርስልኝ ማን ነው?

መቼ ይቀየር? መቼስ ይቁም?

በየአራት ሳምንቱ መጠይቁ ይደገም። ነጥቡ በ5 ከወረደ ለውጥ አለ፤ በግማሽ ከወረደ ሕክምናው እየሠራ ነው። ስድስት ቀጠሮ አልፎ ምንም ካልተነቃነቀ ግን «ታገሥ» ብቻ መልስ አይሆንም፤ ዘዴው ይቀየራል፣ መድኃኒት ይጨመራል፣ ወይም ሌላ ባለሙያ ይፈለጋል። ባለሙያ መቀየር ነውር አይደለም፤ ካርዱን ይዞ ለቀድሞው ነግሮ መሄድ ብቻ ነው።

ማብቂያውም በአንድ ቀን አይሆንም። ቀጠሮው ከሳምንት ወደ 15 ቀን፣ ከዚያ ወደ ወር ይራራቃል። በመጨረሻው ቀጠሮ ታካሚው ሕመሙ ሲመለስ አስቀድሞ የሚታይበትን ምልክት በራሱ ቃል ይጽፋል ወይም ቤቱ ላለ ለሚያምነው ሰው ይነግረዋል። የአራዳዋ ባለሱቅ ብትሆን ምልክቷ «ሱቁን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መዝጋት» ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ካደረገች ባሏ ወይም እህቷ ያስታውሷታል፣ እሷም ቅዳሜ ገበያ ላይ እንደገና ትቆማለች፤ ካልሆነላት ካርዷን ይዛ ትመለሳለች።